የሲያትል የመለያ ምት፦ የትምህርት ቤት ወንበር በማን እጅ ነው?

ሲያትል ውስጥ ብሮድሙር የሚባል ሰፈር አለ። ዙሪያውን የታጠረ፣ በሩ ላይ ጥበቃ የቆመበት፣ ውስጡ የጎልፍ ሜዳ ያለው የሀብታም ሰፈር ነው። በ1928 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እዚያ ቤት የሚገዛ ሰው ከውሉ ጋር አንድ ግዴታ ይገባ ነበር። በንብረቱ ላይ አይሁዳዊ፣ ወይም ከኢትዮጵያ፣ ከማላይና ከማንኛውም የእስያ ዘር የሆነ ሰው እንዳይኖርበት የሚል ነው። አንድ ነገር ብቻ ተፈቅዷል፤ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ይችላል።

አዎ፣ “ኢትዮጵያ” ይላል። በዚያ ዘመን አነጋገር ጥቁር ማለት ነው እንጂ እኛን ለይቶ የጠላ ሰው አልነበረም። ግን ሐበሻው ተሰዶ በብዛት ሲያትል ከመግባቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ስማችን ቀድሞን ደርሶ ተከልክሎ ጠበቀን። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን አልሳቅሁም።

ስለ ትምህርት ቤት ልጽፍ ተነስቼ ከቤት ውል የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ልጅህ የት እንደሚማር በአብዛኛው የሚወስነው የምትኖርበት ቦታ ነው። የምትኖርበትን ቦታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የወሰነው እንዲህ ያለ ወረቀት ነበር።

ከተማዋን ለማያውቅ ሰው ካርታዋን ልሳል። ሲያትልን የዋሽንግተን ሐይቅን ከባሕር ጋር የሚያገናኝ የመርከብ ቦይ ለሁለት ይከፍላታል። ከቦዩ በስተሰሜን ባላርድ፣ ሩዝቬልት፣ ናታን ሄል የሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ነጩ በብዛት የሚኖረው በዚያ በኩል ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ሴንትራል ዲስትሪክት ይመጣል፤ ጋርፊልድ እዚያ ነው፣ ጂሚ ሄንድሪክስ የተማረበት። ከዚያ ሰባት ቁጥር አውቶብስ ይዞ የሬይኒየርን መንገድ ወደታች መውረድ ነው። ፍራንክሊን፣ ቀጥሎ ሬይኒየር ቢች። የኛ ሰው ሱቅና ሬስቶራንት፣ የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲው ቤት ሁሉ በዚሁ መስመር ላይ ነው።

ጥቁሩ፣ እስያዊውና አይሁዳዊው ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ የታጨቁት ሰፈሩን መርጠው አልነበረም። ሌላው ሰፈር በውል ተዘግቷል፤ ባንክም ብድር አይሰጥም። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉትን ውሎች ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም አለ። ወረቀቱ ሞተ፤ ልማዱ ግን አልሞተም። በ1964 የሲያትል ሕዝብ “በዘሩ ምክንያት ለማንም ቤት አልሸጥም፣ አላከራይም ማለት ይከልከል?” ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከሁለት ለአንድ በላይ በሆነ ልዩነት “አይከልከል” አለ። ሲያትል ናት እንግዲህ፣ በለዘብተኝነቷ የምትመጻደቀው። ሕጉ የወጣው በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ክርክር የተነሳው እዚህ ካርታ ላይ ነው። በ1954 በታወቀው የብራውን ፍርድ ጥቁርና ነጭን በሕግ ለይቶ ማስተማር ሲከለከል፣ ሰዉ ሁሉ ያሰበው ደቡቡን ነበር። ሲያትል “ጥቁር እዚህ፣ ነጭ እዚያ” የሚል የትምህርት ሕግ ኖሯት አያውቅም። አያስፈልጋትም ነበር፤ ሥራውን ሰፈሩ ይሠራላታል። የከተማዋ የትምህርት ቤቶች ቦርድም “ልጆች በየሰፈራቸው ነው የሚማሩት፣ እኛ ምን አደረግን?” ማለት ይችል ነበር። ብሎም ነበር።

በ1963 በፈቃደኝነት የመዛወር ፕሮግራም ተጀመረ። የፈለገ ልጅ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይማር ነው ነገሩ። የሄዱት በአብዛኛው ጥቁር ልጆች ነበሩ። ነጭ ቤተሰብ ልጁን ወደ ሴንትራል ዲስትሪክት አልላከም ማለት ይቻላል። ነገሩ የአንድ ወገን መንገድ ሆነ። በ1966 የጥቁሩ ማኅበረሰብ መሪዎች አድማ ጠሩ። መጋቢት 31 እና ሚያዝያ 1፣ ሁለት ቀን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ትምህርት ቤት ቀሩ። ቤት ግን አልዋሉም። በአብያተ ክርስቲያናትና በማኅበራት ቤቶች “የነፃነት ትምህርት ቤት” ተከፍቶላቸው የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ተማሩ። ነጭ ልጆችም ነበሩ ከመካከላቸው።

አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ሲጎተት ቆየ። ነገሩን ያፋጠነው ቦስተን ነው። ከ1974 ጀምሮ ቦስተን ውስጥ ዳኛ ልጆች በአውቶብስ ተመላልሰው ይቀላቀሉ ብሎ ሲያዝ፣ ጥቁር ልጆችን የጫነ አውቶብስ በድንጋይ ሲደበደብ ሲያትሎች በቴሌቪዥን አይተዋል። በ1977 የመብት ድርጅቶች ሲያትልንም ልንከስ ነው ሲሉ፣ ቦርዱም የንግዱ ማኅበረሰብም “ዳኛ መጥቶ ከሚያዝብን ራሳችን እናድርገው” ወደሚለው አዘነበሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ “የሲያትል ዕቅድ” ጸደቀ።

ዕቅዱ ትምህርት ቤቶችን ያጋባ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ የሰሜን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአንድ የደቡብ ጋር ይጣመራል። የሁለቱም ሰፈር ልጆች ታች ታቹን ክፍል አንዱ ጋ፣ ላይ ላዩን ደግሞ ሌላው ጋ ይማራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ የተወሰነ ዓመት በአውቶብስ ይሄዳል፤ የተወሰነ ዓመት በእግሩ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። መስከረም 1978 አውቶብሶቹ ተንቀሳቀሱ። ድንጋይ አልተወረወረም። ሲያትል ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በራሷ ውሳኔ እንዲህ ያለ የግዴታ ቅልቅል የጀመረች የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ ተባለች።

ተቃውሞው ድንጋይ ሳይሆን ፊርማ ነበር የያዘው። አውቶብሱ ከተነሳ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር ላይ፣ “ኢንሼቲቭ 350” የሚባል ሐሳብ ለመላው የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ ድምፅ ቀረበ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አጻጻፉ የጠበቃ ሥራ ነው። ጽሑፉ “ዘር” የሚል ቃል የለበትም። የሚለው፣ አንድ ልጅ ከቤቱ ከሚቀርበው ወይም ከቀጣዩ ቅርብ ትምህርት ቤት ውጪ እንዲሄድ አይገደድም ነው። ከዚያ ግን ልዩ ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ልዩ ትምህርት የሚፈልግ ልጅ ከሆነ ይቻላል። ቅርቡ ትምህርት ቤት ከተጨናነቀ ይቻላል። ሕንፃው ለደህንነት የሚያሰጋ ከሆነ ይቻላል። እንዲህ እየተባለ ልጅን አርቆ ለመመደብ የሚያበቃ ምክንያት ሁሉ ተፈቅዶ ሲያበቃ፣ ሳይጠራ የቀረ አንድ ምክንያት አለ። እሱም ቅልቅሉ ነው። ቀዳዳው ሁሉ ተከፍቶ አንዷ ብቻ ተደፈነች።

ሐሳቡ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ድምፅ አለፈ። ሲያትል ከታኮማና ከፓስኮ ጋር ሆና ግዛቱን ከሰሰች። ሰኔ 30 ቀን 1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ለከተሞቹ ፈረደ። ዳኛ ብላክመን የጻፉት ፍርድ፣ ጽሑፉ ዘርን ባይጠቅስም ያነጣጠረው ዘር ላይ ነው፤ ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ለየአካባቢው ቦርድ ትቶ ይህን አንዱን ብቻ ከቦርዱ እጅ መንጠቅ እኩልነትን ይጥሳል የሚል ነው። አንድ ድምፅ ነው ያተረፈው። ይቺን አንድ ድምፅ ያዙልኝ፣ በኋላ ላይ ትመለሳለች።

ሲያትል አሸነፈች። ማሸነፉ ግን ብዙ አላቆያትም። ነጭ ቤተሰብ ወይ ከተማውን ለቆ ወደ ዙሪያው ከተሞች፣ ወይ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሄደ። ጥቁሩም መሰልቸት ጀመረ። ወረቀት ላይ እኩል የነበረው ሸክም መንገድ ላይ እኩል አልሆነም፤ በማለዳ ተነስቶ ሩቅ የሚጓዘው በብዛት የደቡቡ ልጅ ነበር። በ1989 ከተማው ግራ መጋባቱን በአንድ ቀን አሳየ። የግዴታ ማመላለሱ ይቅር የሚለውን የድምፅ ሐሳብ በጠባብ ልዩነት አሳለፈ። በዚያው ምርጫ ደግሞ ሐሳቡን አጥብቀው የተቃወሙትን ኖርም ራይስን የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ አድርጎ መረጠ። በ1990ዎቹ የከተማዋን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን የትምህርት ዲስትሪክት የመሩት ጆን ስታንፎርድ፣ ጥቁርና ጡረታ የወጡ የጦር ጄኔራል፣ ማመላለሱን ትተው ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት አዘነበሉ። ሰዉ ይወዳቸው ነበር። በ1998 በካንሰር ሞቱ።

ከዚያ የመጣው ሥርዓት ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ። ማንም ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ከአሥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፈለገውን በቅደም ተከተል ይጽፍ ነበር። ችግሩ ሰዉ ሁሉ የሚፈልገው አምስቱን ነው። ባላርድ፣ ሩዝቬልት፣ ናታን ሄል፣ ጋርፊልድ፣ ፍራንክሊን። ወንበሩ ካልበቃ እንደ ኳስ ጨዋታ የመለያ ምት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መለያ ወንድም ወይም እህት እዚያ መማሩ ነው። ሁለተኛው ዘር። ሦስተኛው የቤት ርቀት።

የዘሩ መለያ እንዲህ ይሠራ ነበር። ያኔ በዲስትሪክቱ ከነበሩት ተማሪዎች 41 በመቶው ነጭ፣ 59 በመቶው ነጭ ያልሆነ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ከዚህ ስሌት ከ10 በመቶ በላይ ካፈነገጠ፣ ሚዛኑን የሚያስተካክለው ልጅ ቅድሚያ ያገኛል። በ2000 የትምህርት ዘመን ባላርድ ውስጥ 107፣ ሩዝቬልት 82፣ ናታን ሄል 27 ነጭ ያልሆኑ ልጆች በዚህ ምክንያት ገቡ። ፍራንክሊን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ 89 ነጭ ልጆች ገቡበት። ጋርፊልድ ሚዛኑ ላይ ስለነበር መለያው አልነካውም። ብዙ ሰው ይህ ሥርዓት ነጭን ብቻ የሚያስወጣ ይመስለዋል። ወደ ፍራንክሊን ሲደርስ ግን የሚቀረው የሰፈሩ ልጅ ነበር፤ ይህን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ያኔ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ የልጁን ዘር ከሳጥኖቹ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነበረበት። ሁለት ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገ ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም። ካስፈለገም ቅጹን የሚቀበለው ሠራተኛ አንዱን ሳጥን ራሱ ይሞላለታል። ይህ ወሬ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 በዚህ ሥርዓት ላይ በሰጠው ፍርድ የጠቀሰው ነው።

እስቲ ራስህን እዚያ መስኮት ፊት አቁም። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣህ ሰው ነህ። ልጅህን ይዘሃል። ሳጥኖቹን ታያለህ። “ጥቁር አሜሪካዊ” የሚል አለ፤ አሜሪካዊ መሆንህን እንኳ እርግጠኛ አይደለህም። አማራ ነህ፣ ትግሬ ነህ፣ ጉራጌ ነህ ተብለህ ተጠይቀህ ታውቅ ይሆናል እንጂ ይህን ጥያቄ አታውቀውም። ሆኖም የትኛውንም ሳጥን ብትሞላ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስትገባ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ነጭ፣ ወይም ነጭ ያልሆነ። የሶማሌው፣ የቬትናሙ፣ የቻይናው፣ አራት ትውልድ ሴንትራል ዲስትሪክት የኖረው ጥቁር አሜሪካዊና ያንተ ልጅ አንድ ቁጥር ናችሁ።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮበርትስ በኋላ የያዙት ይህን ነው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ እስያዊ የሆነ፣ አንድም ጥቁር የሌለበት ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት የተመጣጠነ ይባላል። 30 በመቶ እስያዊ፣ 25 በመቶ ጥቁር፣ 25 በመቶ ላቲኖ፣ 20 በመቶ ነጭ ያለበት ግን አልተመጣጠነም ይባላል። በፍርዱ አልስማማም፤ እዚህች ላይ ግን የሚመለስ መልስ የለኝም። ከተማዋ በጎ ዓላማ ይዛ የደነዘዘ ቢላ ነው ያነሳችው።

ከሳሾቹ ወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ ከኩዊን አንና ከማግኖሊያ፣ ከቦዩ ወዲህ ካሉ ደህና ገቢ ያለው ሰው ከሚኖርባቸው ሰፈሮች። እነዚህ ሰፈሮች ያኔ የራሳቸው ሁለተኛ ደረጃ አልነበራቸውም። የሚቀርባቸው ባላርድ ነበር። ባላርድ ደግሞ በ1999 አዲስ ሕንፃ ከፍቶ ሁሉም የሚመኘው ሆኗል። አንዲት እናት ልጇ የባላርድ የባዮቴክኖሎጂ ፕሮግራም ተቀብሎት እያለ ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን በመለያው ምክንያት አልተቀበለውም። የፈለገው ክፍል ይፈልገዋል፤ በሩ ግን አያስገባውም። በሐምሌ 2000 ወላጆቹ ማኅበር አቋቁመው ከሰሱ።

ክሱ እንደ ኳስ ሲንከባለል ሰባት ዓመት ፈጀ። በ2001 የፌዴራል ዳኛዋ ለዲስትሪክቱ ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። መጀመሪያ የሻረው በ1998 በወጣው፣ መንግሥት በዘር ቅድሚያ እንዳይሰጥ በሚከለክለው ኢንሼቲቭ 200 በሚባል የግዛት ሕግ ነው፤ በኋላ ውሳኔውን አንስቶ ትርጉሙን ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። እሱም በ2003 “ሕጉ ይህን አይከለክልም” አለ። ተመልሶ መጣ፤ በ2004 በድጋሚ ተሻረ። በ2005 የይግባኝ ሰሚው ሰፊ ችሎት ተሰይሞ ለዲስትሪክቱ ፈረደ። ከሚመለከታቸው ልጆች አንዳንዶቹ እስከዚህ ድረስ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ወጥተዋል። ዲስትሪክቱም መለያውን በ2002 አቁሞታል፤ የሚሟገተው ለማይጠቀምበት ነገር ሆኗል።

ሰኔ 28 ቀን 2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሲያትልንና የኬንታኪዋን ሉዊቪልን ጉዳይ አንድ ላይ አድርጎ ለወላጆቹ ፈረደ። 5 ለ 4። በ1982 ለሲያትል ያተረፈችው አንድ ድምፅ ዞራ መጣች። ሮበርትስ ሥርዓቱ ያመጣው ለውጥ ራሱ ጥቂት ነው ብለው ቁጥር አቀረቡ። በአንድ ዓመት 307 ምደባ ነካ፤ በእሱ ምክንያት ጭራሽ ያልመረጡት ትምህርት ቤት የተመደቡት ግን 52 ልጆች ብቻ ናቸው። ለዚህ ያህል የልጅን ቆዳ መቁጠር ያስፈልግ ነበር ወይ ነው ጥያቄያቸው። ዳኛ ቶማስ ደግሞ፣ ራሳቸው ጥቁር ናቸው፣ የዲስትሪክቱን ድረ ገጽ ጠቀሱበት። ገጹ አንድ ጊዜ ግለኝነትን ማጉላትና ለወደፊት ማቀድ እንኳ የባህል ዘረኝነት ምልክት ናቸው ብሎ ነበር። ይህን የጻፈው ሰራተኛ ጠበቆቹን ምን ያህል እንዳስለቀሰ መገመት አያቅትም።

ዳኛ ብሬየር ረጅም ተቃውሞ ጽፈው ከችሎቱ ላይ ጠቅለል አድርገው አነበቡት። ይህ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተደከመበትን ያፈርሳል አሉ። መሐል ላይ የቆሙት ኬኔዲ ናቸው። ለወላጆቹ ድምፅ ሰጡ፤ ግን ቅልቅልን መፈለግ ራሱ ሕገወጥ ነው የሚለውን አልተቀበሉም። እያንዳንዱን ልጅ በዘሩ አትቁጠሩ፤ ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ፣ የየትምህርት ቤቱ ሰፈር መስመር የት እንደሚሰመር ስትወስኑ ግን ማሰብ ትችላላችሁ አሉ። አማካሪ ቢሆኑ ኖሮ ጥሩ ምክር ነበር። መስመር ማስመር ግን ፖለቲካ ነው። ቦርድ ደግሞ የሚመረጠው መስመሩ ውስጥ ባሉት ሰዎች ነው።

የሲያትል ቦርድ በ2009 አዲስ የምደባ ዕቅድ አጸደቀ፤ ከ2010 ጀምሮ ይሠራበታል። አውቶብሱም ሄደ፣ የዘሩ መለያ ምትም ሄደ። ልጅ በአድራሻው ይመደባል። በሌላ ትምህርት ቤት ወንበር ከተረፈ ማመልከት ይቻላል፤ ከተረፈ ነው። ባላርድ የባላርድ ሰፈር ነው፣ ሬይኒየር ቢች የሬይኒየር ቢች። ቀድሞ ከዘርና ከወንድም በኋላ ሦስተኛ የነበረው የቤት ርቀት አሁን አንደኛ ሆነ። ቤት የሚገዛ ሰው ደላላውን ስለ ኩሽናው ሳይጠይቅ “ትምህርት ቤቱ የቱ ነው?” የሚለው ለዚህ ነው። ዋጋው ላይም ይታያል።

አማርኛ ዛሬ በሲያትል ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚነገሩት የቤት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመመዝገቢያ ወረቀቱም በአማርኛ ተተርጉሞ ይገኛል። የዘር ሳጥኖቹ አሁንም አሉ። ከአንድ በላይ ብትሞላም ማንም አይመልስህም፤ ለስታቲስቲክስ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ አጥብቃ የምትጠይቅህ ሌላ ወረቀት ነው። የመብራት ቢል አምጣ ትልሃለች፤ ስምህና አድራሻህ ያለበት።